ለውሻ የሚሆን በረዶ፤ በሙቀት ወራት ምን እንስጠው፣ ምንስ እንከልክለው?

(በማትናስ ለወላጆች፣ ለአያቶችና ለልጆች የተሰጠ ንግግር)

 

ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃናት ክትባት ተነጋግረናል። ዛሬ ስለ ውሻ እንደምንናገር በሩ ላይ የለጠፍነውን ወረቀት አይታችሁ አንዳንዶቻችሁ እንደሳቃችሁ ሰምተናል። እኛም ርዕሱን ስንመርጥ ስቀናል። አንድ አባት «ለሰው የሚሆን ወሬ አለቀ እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። አላለቀም። ነገር ግን ሙቀቱ ከገባ ወዲህ በየቤታችሁ ስንመጣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ክኒን ከጠየቃችሁን በኋላ፣ ልክ ልንወጣ በሩ ላይ ስንደርስ «ይህ የልጄ ውሻ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለከልከው? ይህን በረዶ ብሰጠው ይጎዳዋል?» የምትሉን በዝታችኋል። በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ነው ዛሬ የተሰበሰብነው።

ባደግንበት አገር የውሻ ቦታው ደጅ ነው። ቤትና ከብት ይጠብቃል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ የተረፈውን ይበላል፤ ስለ ምሳው ተቀምጦ የሚመክርለት ሰው አልነበረም። እዚህ ግን ልጆቻችን ውሻውን ይዘውት ፎቅ ወጡ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከልጁ አልጋ ሥር ይተኛል። ይህን ለማመስገንም ለመንቀፍም አልመጣንም። ውሻው ቤት ውስጥ ካለ ግን የእኛ ፍሪዘር የእሱም ፍሪዘር ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ የሚሠሩለት በረዶ ከምግባችን ጎን ይቀመጣል፤ ውሻው እጃቸውን ይልሳል፣ እነሱም ያንኑ እጅ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ውሻ ሙቀትን እንዴት እንደሚቋቋም እንይ። እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችን ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ያቀዘቅዘናል። ውሻ ግን የሚያልበው በእግሩ መዳፍ ነው፤ እሱም በጥቂቱ። ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በምላሱና በአፉ ውስጥ ያለው እርጥበት እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ግን መትነኑ ይቀንሳል። ስለሆነም በባሕሩ ዳርቻ፣ በነታንያ ወይም በአሽዶድ፣ በኦጉስት ወር ያለው ወበቅ ከቤርሼቫ ደረቅ ሙቀት ይልቅ ለውሻ ሊከብድ ይችላል፤ በቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ዝቅ ቢል እንኳ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች፣ እንደ ቡልዶግ፣ ፑግና ሺትሱ ያሉት፣ አየር በደንብ ስለማይስቡ ከሌሎቹ ቀድመው ይጎዳሉ። ያረጁና የወፈሩትም እንዲሁ። በነገራችን ላይ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሆዱን ዳብሳችሁ «ትኩሳት ይዞታል» ብላችሁ አትደንግጡ። 41 ሲደርስ ግን የሕይወት አደጋ ነው።

በረዶ የሚጠቅመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ሲልሰው አፉና ምላሱ ይቀዘቅዛል፣ ጥቂት ውሃም ያገኛል፣ ብቻውን ሲውል ደግሞ ሥራ ይሆነዋል። ከዚህ በላይ አትጠብቁበት። ጥላና የሚጠጣ ውሃ የሌለውን ውሻ በረዶ አያድነውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እዚህ ላይ እኛም የምንናዘዘው አለን። ለብዙ ዓመታት በየቤታችሁ እየዞርን «ያለ ስኳር የተሠራውን ግዙ» ስንላችሁ ኖረናል። በአገር ቤት ሳለን ብርቅ የነበረው የስኳር በሽታ ወደዚህ ከመጣን ወዲህ በማህበረሰባችን ውስጥ ምን ያህል እንደበዛ ታውቃላችሁ። በመሆኑም ዛሬ በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ «ለሎ ሱካር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ማርማላታ፣ በስኳር ፈንታ የሚጨመር ዱቄት እናገኛለን። ምክራችንን ሰምታችኋልና እናመሰግናለን፤ ለእናንተ ምክሩ ዛሬም ያው ነው። ለውሻ ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርዝ ናቸው። ያን ጊዜ ስለ ውሻ ማን አሰበ? አልነገርናችሁም።

ውሻን የሚጎዳው ክሲሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ነው። ሰው ሲበላው አይመረዝበትም፤ እንዲያውም ለጥርስ ተብሎ በማስቲካ ውስጥ ይገባል። የውሻ ቆሽት ግን ክሲሊቶልን እንደ ስኳር ይቆጥረውና ኢንሱሊን በብዛት ይለቃል። ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ትረዱታላችሁ። መርፌውን ተወግቶ ምግብ ያልበላ ሰው ምን ይሆናል? ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል። ውሻውም ስኳሩ ወርዶ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ያንዘፈዝፈዋል። ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምረዋል፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል። መጠኑ ከፍ ካለ ጉበቱም ይጎዳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ግራም ያህል ከደረሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ ይህ ግማሽ ግራም ነው፤ አንዳንዱ ማስቲካ በአንድ ፍሬው ብቻ ይህን ያህል ይይዛል።

ልጆች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከስልክ ላይ እያያችሁ ሙዝና እርጎ ከለውዝ ቅቤ ጋር ፈጭታችሁ በረዶ እንደምትሠሩለት እናውቃለን። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አንዳንድ የለውዝ ቅቤ በክሲሊቶል የጣፈጠ አለ። ያለ ስኳር የተባለ ሁሉ ክሲሊቶል አለበት ማለታችን አይደለም፤ በስቴቪያ ወይም በሱክራሎዝ የጣፈጠም አለ፤ እነዚህ በውሻ ላይ ይህን ጉዳት አያደርሱም። ከፊት ለፊት ሲታይ ግን ማሸጊያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ከጀርባው ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ወላጆች ቁጥሩን ፈልጉ፤ 967 ነው። እንደ አውቶቡስ ቁጥር ያዙት። 967 ካያችሁ ያ ነገር ወደ ውሻው አይሄድም። ቁጥሩ ባይኖርም ገና አትመኑ፤ በቁጥር ፈንታ ስሙ ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ልጆቹ «ክሲሊቶል» ወይም «ሱካር ሊብኔ» የሚል እንዳለበት ያንብቡላችሁ።

ቀጥሎ ስለ ወጥ እንናገር። ይህ በእንስሳት ሐኪም ቤት በምታገኙት በራሪ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ወጥ አይሠሩም።

ከምንጎበኛቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት አያት አሉ። ውሻ አይወዱም ነበር፤ በአጠገባቸው ሲያልፍ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። የልጅ ልጃቸው ወታደር ሲሆን ግን ውሻው ከእሳቸው ጋር ቀረ። አንድ የሻራቭ ሰሞን ውሻው እያለከለከ መጥቶ እግራቸው ሥር ተዘረረና አዘኑለት። ልጁ የሾርባ በረዶ ሲሠራለት አይተው ስለነበር እሳቸውም ከሰንበት የተረፈ የዶሮ ወጥ አወጡ። በርበሬው እንዳያቃጥለው ብለው ቀዩን ትተው አልጫውን መረጡ፤ አጥንቱን ለቀሙ፣ መረቁን በውሃ አቀጠኑ፣ በበረዶ መሥሪያው ላይ ገልብጠው ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ውሻው ወደደው። ጠዋትና ማታ ይሰጡት ጀመር። በአራተኛው ቀን መነሣት አቃተው፤ ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር የልጅ ልጃቸው መጣ፤ ተሸክሞት ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠ። ሐኪሙ «ምን በላ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ በስልክ ደውሎ አያቱን ጠየቀ። እንደዚያ ነው ያወቁት።

ውሻው ከብዙ ቀን ሕክምና በኋላ ተረፈ። እሳቸው ግን እኛ ስንሄድ ስለ ጉልበታቸው መናገር ትተው «ልጄ፣ በገዛ እጄ መርዝ አበላሁት» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ልጁም በመጀመሪያው ቀን በቁጣ የተናገራቸው ነገር ነበር፤ በኋላ ተጸጽቷል። ይህን ታሪክ የምንናገረው በፈቃዳቸው ነው።

ጥፋቱ ከሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም፤ ማድረቅም፣ መፍጨትም፣ በረዶ ማድረግም እንዲሁ። ጉዳቱ በዕለቱ ስለማይታይ ሰው አይጠረጥርም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና የሽንቱ መጥቆር የሚታየው። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ አንድ ሽንኩርት ሊጎዳው ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ባይበላውም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያገኝ ይጠራቀምበታል። የእኛን ወጥ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ስንት ሽንኩርት ነው የምንከትፈው? ሥጋው ከመግባቱ በፊት ድስቱ በሽንኩርት ሞልቷል። ሲቁላላ ይቀልጥና ዓይን አያየውም፤ እንዳለ ግን መረቁ ውስጥ አለ። አልጫውም ቀዩም፣ ሽሮውም ምስሩም ያው ነው።

«አገር ቤት ውሻ ሁሉን ይበላ ነበር፤ ምን ሆነ?» የምትሉ አላችሁ። እኛም ብለናል። እስቲ እናስታውስ። የዶሮ ወጥ ለውሻ ማን ሰጠ? የሚደርሰው የእንጀራ ፍርፋሪና አጥንት ነበር። ታሞ ከቤት ጀርባ የሞተውንም «ምን በልቶ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በዚሁ አንጻር፣ ለሾርባ የምንጠቀምበት አብካት ማራክ ደረቅ ሽንኩርትና ብዙ ጨው አለበት፤ ለውሻ በረዶ አይሆንም። በርበሬና ሽሮ ውስጥም ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ይገባል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። በዚህ አገር በሙቀት ጊዜ ወይን ፍሬ በፍሪዘር አድርጎ መብላት የተለመደ ነው፤ ልጆችም አንዱን ለራሳቸው አንዱን ለውሻው ይወረውራሉ። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ የትኛው ውሻ በስንት ፍሬ እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የእንስሳት መርዝ ሐኪሞች ምክንያቱ በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል። ይኸው አሲድ በታማር ሂንዲ ውስጥም ስላለ ያን ቀዝቃዛ መጠጥ በረዶ አድርጋችሁ አትስጡት። ቸኮሌት ያለበት አርቲክ አይሰጥም። ቡናም አይሰጥም፤ ጀበናው ሥር የሚቀረው አተላ በተለይ ካፌይን ስላለበት ውሻው ከሚደርስበት የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትድፉት። የማካዳሚያ ለውዝ፣ ያልተጋገረ ሊጥና አልኮል ያለበት ነገር ሁሉ ከዚሁ ጋር ይቆጠሩ። ምንም እንኳ ለልጅ የተሠራ አርቲክ ንጹሕ ቢሆንም እንጨቱ ጉሮሮውንና አንጀቱን ስለሚወጋው ከነእንጨቱ አይጣልለት።

ታዲያ ምን እንሥራለት? ከሁሉም ቀላሉ ሀብሐብ ነው። ፍሬውን ለቅማችሁ፣ ቅርፊቱን አውጥታችሁ፣ ቀዩን ክፍል በትንሹ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከጨዋማ አይብ ጋር የቀረበውን ግን ለራሳችሁ ብሉት። ካሮትና ዱባ ቀቅሎ፣ ፈጭቶ፣ በውሃ አቅጥኖ ማርጋት ይቻላል። ሙዝም ይሆናል። ፖም ፍሬው ከወጣለት ይሆናል። እርጎ ከሆነ ስኳርም የስኳር ምትክም የሌለበት ተራው እርጎ ይሁን፤ ወተት ሆዱን የሚያሰቀምጠው ውሻ ስላለ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፉ።

ሾርባ የምትፈልጉ፣ የዶሮ ሥጋ በውሃ ብቻ ቀቅሉ። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ቅመም የለም። እናቶች ስንነግራቸው «ይህ ምን ምግብ ነው?» ይላሉ፤ ለእሱ ምግብ ነው። አጥንቱን በሙሉ አውጡ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ገፍፋችሁ ጣሉ፤ ስብ የበዛበት ነገር ቆሽቱን ሊያሳብጥ ይችላል። ከዚያ መረቁን በውሃ አቅጥናችሁ አርጉት። ሾርባና እርጎ በአንድ ድስት አታብስሉ፤ ሥጋን ከወተት ጋር ማብሰል ለውሻ ተብሎም አይፈቀድም። ስለ ዕቃዎቹ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።

መሥሪያው ሰፊና ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ ዝቅተኛ ሳህን ወይም ከውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ። ምክንያቱም ትንሽ ደረቅ በረዶ የሚውጥ ውሻ ሊታነቅ ይችላል፣ የሚቆረጥም ደግሞ ጥርሱን ይሰብራል። ስለዚህ ወይ እየላሰ የሚጨርሰው ይሁን፣ ወይም እንዲለሰልስ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። መጠኑን በተመለከተ ማባበያው ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ ለትንሽ ውሻ ይህ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። የተረፈውን ወለሉ ላይ አትተዉ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀርሞች ስለሚራቡበት ይደፋ፣ ሳህኑም በሳሙና ይታጠብ።

በፍሪዘር ውስጥ የውሻው ዕቃ ክዳን ያለው ለብቻው ይሁን። በላዩ ላይ ልጆቹ የውሻ ሥዕል ይሣሉበት፤ በቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው ያንኑ ቋንቋ ስለማያነብ ሥዕል ይሻላል። አንዲት እናት የውሻውን በረዶ ከጁስ በረዶ ጋር አምታተው ለእንግዳ እንዳቀረቡ አጫውተውናል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንከለክላለን፤ ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ሆድ ዕቃ በረዶ አድርጎ መስጠት። በነርስነት ትምህርት ስለ ኢኪኖኮከስ ስንማር አገር ቤት በእርድ ቀን የምናየው ነገር ትዝ ብሎናል። በበጉ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ከረጢት ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው አፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላ በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ይታያል። የቤት ፍሪዘር በዚህ ላይ መታመኛ አይደለም፤ ሳልሞኔላንም አይገድልም። ጉበት ከሰጣችሁ በደንብ የተቀቀለ ይሁን። ልጆችም ውሻውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ የትል መድኃኒቱንም በጊዜው ስጡት።

በመጨረሻ፣ በረዶ የማይሰጥበት ጊዜ አለ። ውሻው ማለክለኩን ማቆም ካቃተው፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ በጣም ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰ ሙቀቱ መትቶታል። በዚያን ጊዜ በረዶ አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ሊታነቅ ይችላል። ወደ ጥላ ወይም ማዝጋን ወዳለበት ክፍል አስገቡት፣ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አርጥቡት፣ በማራገቢያ አናፍሱለት። ራሱን ካወቀ ውሃ አቅርቡለት፣ አታስገድዱት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ፤ በመኪናው ውስጥም ማዝጋኑ ይከፈት። በቆመ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አትተዉት። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 34 ይደርሳል።

ክሲሊቶል፣ ወይን ወይም ሽንኩርት መብላቱን ካወቃችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ወተት፣ ዘይት ወይም የጨው ውሃ አታጠጡት። ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ውሻውም ስንት ኪሎ እንደሆነ ንገሩት፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ወጪውን ኩፓት ሖሊም አይከፍልም፤ አንድ አባት ጠይቀውን ስለነበር ነው።

እንግዲህ ከቤታችሁ ማሸጊያ ይዛችሁ እንድትመጡ ለምነናችሁ ነበር። ማስቲካውንም፣ የለውዝ ቅቤውንም፣ የሾርባ ዱቄቱንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ልጆች ወደፊት ቅረቡ፤ እናንተ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ አያቶች ቁጥሩን ይፈልጋሉ። ከዚህኛው ጥግ እንጀምር።